የጠገበ ከሰል

መተማ ዮሐንስ ላይ ዓሣ ማለት በዘይት የሚጠበስ ነገር ነው። በመስታወት ቤት አስቀምጦ፣ ጧትና ማታ እየመገበ፣ ሲሞቀው በረዶ እየለመነለት የሚያኖር ሰው ከተማዋ አይታ አታውቅም ነበር፤ ሐጂ ሙሐመድጣሂር እስኪመጡ ድረስ። ቤት አከራይዋ አሰበች መጀመሪያ ያየችው ቀን የሣቀችው ሣቅ ድንበር ማዶ ገላባት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«ሐጂ፣ ሰው ከጦርነት ሲሸሽ ልብሱን ይዞ ይወጣል። እርስዎ ወጥዎን ይዘው መጡ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው አልተቀየሙም። የበረዶ ሣጥናቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩና ክዳኑን ከፈቱላት። ውሃ በያዘ፣ በአየር በተነፋ ላስቲክ ውስጥ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ብርቱካን መልክ ያላት፣ በነጭ መቀነት ሦስት ቦታ የታጠቀች ዓሣ ተንሳፍፋለች። «ሲምሲም ነው ስሙ» አሏት። «በዐረብኛ ሰሊጥ ማለት ነው፤ ሲገዛ የሰሊጥ ፍሬ ያህል ስለነበረ ነው። የኔ አይዶለም፣ ያ በቲ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። « የከውሰር ነው።»

ከውሰር አንድ ልጃቸው ናት። ሐጂ ጎንደር ተወልደው፣ በጉርምስናቸው ሱዳን ገብተው፣ ከቀይ ባሕር የሚመጡ የጌጥ ዓሦችን ካርቱም ላይ እየሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ካርቱም ስትነድ ልጃቸው ነርስ ሆና ወደምትሠራበት ወደ መደኒ ሸሹ። ጦርነቱ ተከትሏቸው መደኒ ሲገባ ደግሞ ልጅቱ አባቷን በጭነት መኪና ላይ አሳፈረቻቸው፤ እሷ ግን ቁስለኛ ጥላ አልወጣም አለች። ከትምህርት ቤት ልጅነቷ ጀምሮ ያሳደገችውን ዓሣ ጭናቸው ላይ አስቀምጣ፣ «አባ፣ ሲምሲምን ይዘህልኝ ቅደም። እኔ በሽተኞቹን ለሰው አስረክቤ እደርስብሃለሁ» ብላ ሸኘቻቸው። ይህን ሐጂ ራሳቸው ናቸው ለአሰበች የነገሯት፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሰው ባገኙ ቁጥር።

አሰበች ለሰሊጥ ሠራተኞች የምታከራያቸው፣ በቆርቆሮ የተከደኑ ክፍሎች አሏት። ዳር ያለችውን፣ ጥላ የሚያርፍባትን ለሐጂ ሰጠቻቸው። እሳቸውም መስኮት ሠሪው ዘንድ መስታወት አስቆርጠው፣ በማጣበቂያ ገጥመው፣ ለሲምሲም ቤት ሠሩለት። ከሱዳን በጆንያ ያመጡትን የባሕር ጨው በውሃ እየበጠበጡ፣ በላዩ የምትንሳፈፍ ቀጭን የመስታወት መለኪያ ቀይ ምልክቷ ላይ እስክትቆም ይጠብቃሉ። በሶላር ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ እየሳበች፣ በማጣሪያ ሣጥን አሳልፋ መልሳ ታወርደዋለች። ሰው በቆላው ሙቀት ምራቁ ሲደርቅበት የሲምሲም ቤት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ከጭማቂ ቤቱ የተለመነ በረዶ በላስቲክ ጠርሙስ ተንሳፍፎበት ይውላል።

«እኔ እንኳ እንዲህ ተደርጎልኝ አያውቅም» ትላለች አሰበች። «ሁዳዴ ይግባ ብቻ፣ ሐጂ፣ እጠብስልዎታለሁ።»

በአፏ እንዲህ ትበል እንጂ ከሁሉ ቀድማ ዓሣው ፊት የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ሲምሲም ጣቷን ለየ። መስታወቱን መታ ስታደርግ እየሮጠ ይመጣል። ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልተሰጣት ሴት ናት፤ ሮጦ የሚቀበላት ፍጡር ከኖራት ብዙ ዘመኗ ነው።

አንድ ቀን ሐጂ ማጣሪያውን ከፍተው ሲያጸዱ ከጥጡ ሥር በስስ ጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር ጠጠር ሲያወጡ አየች።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከሰል።»

«ምን ያረጋል ከሰል? ዓሣው ይበርደዋል?»

ሐጂ ሣቁ። ከዚያ የሙያቸው ነገር ሆነና ፊታቸው ኮስተር አለ። «ይኸ የማገዶ ከሰል አይዶለም። የኮኮናት ቅርፊት ተከስሎ፣ እንደገና በእንፋሎት ተፈትኖ የተሠራ ነው። እያንዳንዷ ጠጠር ውስጧ ቀዳዳ ብቻ ነው። ውሃው ውስጥ የገባ ክፉ ሽታ ቢሆን፣ ቢጫ ቀለም ቢሆን፣ መርዝ ቢሆን ይጠጣዋል። ሲምሲም ታሞ መድኃኒት ስጨምርለት ግን ከሰሉን አወጣዋለሁ። ክፉና ደግ አይለይም፤ መድኃኒቱንም ይበላበታል።»

«ጎበዝ በላተኛ ነው በሉኛ።»

«በላተኛ ነው። ግን ሆድ አለው፤ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ለዓይን ያው ጥቁር ነው፤ ለሥራ ግን ድንጋይ ነው። ስለዚህ በወሩ ይጣልና አዲስ ይገባል።» ይህን ብለው ቋጠሮውን ቆሻሻው ላይ ወረወሩት።

አሰበች በምታውቀው ዓለም ከሰል አለቀ የሚባለው አመድ ሲሆን ነው። አመዱም ቢሆን አይጣልም፤ ድስት ይታሽበታል። ጥቁርነቱን ሳይለቅ፣ እሳት ሳያይ የሚጣል ከሰል ለእሷ በቁሙ የሚቀበር ሰው ነበር። ሐጂን ስለምታከብር በልቧ ብቻ፣ ካርቱም የኖረ ሰው ብክነት ይወዳል አለች።

መጋቢት ሲገባ ሐጂ ታመሙ። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። ትኩሳቱ እየሄደ ሲመለስ፣ ሰውነታቸው ከስቶ ሆዳቸው በግራ በኩል ሲነፋ ግን፣ ቆላ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ሆስፒታል ተኝተው መርፌውን ሊወስዱ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት አሰበችን መስታወቱ አጠገብ አስቀምጠው ሁሉንም አሳዩዋት፤ የጨው ልኩን፣ ምግቡን፣ የውሃ ለውጡን። የከሰሉን ማሰሮ ገልብጠው ሲያሳዩዋት ታቹ ላይ ለአንድ ቋጠሮ የሚሆን ብቻ ቀርቶበታል።

«ከውሰር ስትመጣ ይህን ዓሣ ካላየች ቤቴ መሆኑን አታምንም» አሏት። «አደራ፣ አሰበች።»

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለች አሰበች። ይህን ያለ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለውም።

አለኸኝ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አለኸኝ ድሮ ክፍሏን ተከራይቶ የነበረ፣ ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን የቀረ ወጣት ነው። እግሩን እየጎተተ ገብቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ከዚያ የሐጂን ክፍል በዓይኑ እየጠቆመ፣ «የነርሷ አባት እዚህ ናቸው አሉኝ» አላት።

«የከውሰር? አዎ፣ ሆስፒታል ናቸው። መጣች እንዴ?»

አለኸኝ አንገቱን ደፋ። መደኒ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ሳለ ያሰረችለት ከውሰር ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሶቹ የሚያርፉበት ቤት ላይ የከባድ መሣሪያ አረር ወደቀ። ማን እንደተኮሰው አላወቀም፤ የሚያውቅም አላገኘም። «በክራንቼ እያነከስኩ እኔም አብሬ ነው ያነሣኋት» አላት። «ከግቢው ጀርባ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ቀበርናት። ፊቷ ደህና ነበረ፣ እትዬ አሰበች። ይህን ለአባቷ ይንገሩልኝ።»

አሰበችን ሐዘኑ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው የቀደማት፤ የፈራችውንም ነገር በደንብ ታውቀዋለች።

ባሏ ባየልኝ ቋራ፣ ገለጉ ላይ በሰው እርሻ ትራክተር ይነዳ ነበር። የሞተ ዕለት እሷ ሸሕዲ ከተማ፣ መኪና ተራው አጠገብ ሽንኩርት እየመረጠች ነው። ከቋራ የመጣ የጭነት መኪና ጣሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው አያትና፣ «አንች! የባየልኝ ሚስት አይዶለሽም? ትራክተሩ ተገልብጦበት ሞተ እኮ፤ ትናንት ቀበርነው!» ብሎ ጮኸ። መኪናው እንኳ አልቆመም። አሰበች ጭቃው ላይ ወደቀች። ደግፎ የሚያነሣት ዘመድ አልነበረም፤ ሽንኩርት ሻጯ ናት ነጠላዋን ከጭቃው የሰበሰበችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያንገበግባት ሞቱ ብቻ አይደለም። መርዶ ሥርዓት አለው። የሚረዳው ሰው በዋዜማው እራቱን ይበላል፣ በቤቱ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎችና ወዳጆች ዙሪያውን ከበው፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኙን ቆሞ ይነገረዋል። ውሻ እንኳ እንደሷ አይረዳም። እሷ ቤት ያረፈ ሰው እንዲህ እንደማይረዳ ምላ ነበር።

ሆስፒታል ሄዳ ነርሱን ደረበን ለብቻው ጠራችውና ነገረችው። ደረበ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ግን ሐጂን እንደ አባቱ የሚያይ ልጅ ነው።

«በጭራሽ እንዳይነገራቸው» አላት። «የሚወስዱት መርፌ ለራሱ ልብ ይመታል። የልባቸውን ነገር በየቀኑ ነው የምንከታተለው። አሁን ቢደነግጡ አላተርፋቸውም። ጨርሰው እስኪወጡ ሆድ ይፍጀው።»

ሆድ ይፍጀው ተባለ። ጎረቤቷ ባየሽና የመስጊዱ ሼክ ተመከሩ፤ ሐጂ በወጡ ማግስት፣ ቤታቸው አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ ሊረዱ ተቆረጠ። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ሊዘጋ ተማማለ።

አሰበች በየቀኑ ምሳ ይዛ ትሄዳለች። ሐጂ ገና ከበር ሲያዩዋት፣ «ሲምሲም በላ?» ይላሉ።

«በላ እንጅ! ጣቴን ሊነክሰኝ ነው የደረሰው።»

«ከውሰርስ ደወለች?»

«ኔትወርክ የት አለና፣ ሐጂ? ከተማው በሙሉ ከተዘጋ ሰነበተ።»

«ማለሽ፣ ግድ የለም። መንገድ ላይ ናት።»

የመጀመሪያው መልስ እውነት ነበረ። ሁለተኛውም ግማሹ እውነት ነበረ፤ ኔትወርክ በእርግጥ የለም። ነገር ግን አሰበች ውሸት የማያምርባት ሴት ናት። ስለ ልጅቱ ስትዋሽ ምላሷ ይያዛል፣ ዓይኗ መሬት ይፈልጋል። የሚያድናት ዓሣው ብቻ ሆነ። ስለ ሲምሲም ስታወራ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ይደምቃል፤ ያንን ድምቀት ይዛ የልጅቱን ጥያቄ ትሻገራለች። እንዴት እንደዞረ፣ እንዴት እንደኮራ፣ ባየሽን እንዴት አይቶ እንደሸሸ ትተርካለች። ሽማግሌው ይሥቃሉ። አንድ ሰው በሣቀ ቁጥር ሞት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል ብላ ታስብ ጀመር። ዓሣው ከሞተ ግን ምን ይዛ ትገባለች? ፊቷ ሁሉንም ይዘከዝከዋል። ሲምሲም ሐጂ እስኪድኑ መኖር አለበት፤ ጭንቀቷ ሁሉ ይኸው ሆነ።

የመጨረሻውን ከሰል አስገብታለች። ቀኑ ሲደርስ የሚተካ የለም። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሾፌር ብታስቸግር፣ «መንገዱ ሰው እየበላ አንች የዓሣ ከሰል ትያለሽ?» አላት። እውነቱን ነው። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፤ የሄደም የሚመለሰው በዕድሉ ነው። ከወዲያ ያለው አገር ደግሞ ራሱ ከሰል ሆኗል።

ያኔ ያ የድሮ ሐሳቧ መጣ። ቋጠሮውን አወጣችና ፈታችው። ጠጠሩ ጥቁር ነው፣ አንዲቷም ፍሬ አልተፈረፈረችም። ከሰል ካልነደደ መች ያልቃል? በንጹሕ ውሃ አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው፤ ከዚያ እንደ በርበሬ ቆርቆሮ ላይ አሰጣችው። የመተማ ፀሐይ ድንጋይ የምታበስል ናት፤ ማታ ስትሰበስበው ደርቆ፣ ቅል ብሎ፣ አዲሱን መስሎ ነበር። «ይኸው!» አለች ለባየሽ። «ይጣል ይሉኛል። ጠገበ ይሉኛል። የጠገበ ሆድ ፀሐይ ከነካው እንደገና ይርበዋል።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለቻት ባየሽ። «እንዳሉሽ አርጊ ወይም ተይው።»

አሰበች ግን ከሰሉን ወደ ማጣሪያው መለሰችው። ከሰሞኑ ሁለቴ፣ ሦስቴ እንዲሁ እያወጣች አሰጣችው።

ውሃው ግን መልኩ እየተለወጠ ሄደ። ከዳር ሲያዩት ቀጭን ሻይ ይመስላል። ሲምሲም መስታወቱ ሲመታ መምጣቱን አልተወም፤ አመጣጡ ግን የሽማግሌ ሆነ። አንዳንዴ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። አሰበች አጎንብሳ ስታሸተው የቆየ፣ የታፈነ ሽታ አለው። ውሃውን ቶሎ ቶሎ እንዳትለውጥ ጨው እያለቀ ነው። «ትንሽ ታገሥ፣ ልጄ» ትለዋለች። «እሳቸው ሊወጡ ነው። እስከዚያ ብቻ።» ሆስፒታል ስትገባ ግን ያው፣ «በላ እንጅ!» ነው። ስለ ዓሣውም መዋሸት ጀመረች ማለት ነው፤ ይህን ለራሷም አልነገረችም።

በመጨረሻ ደረበ፣ «ነገ ከሰዓት ይወጣሉ፤ መርፌውን ጨርሰዋል፣ ልባቸውም ደህና ነው» አላት። አሰበች የእግዚአብሔርን ስም ጠርታ ወደ ቤት በረረች። የሐጂን ክፍል ጠረገች፣ ምንጣፋቸውን አራገፈች፣ አንሶላ አጠበች። እሷ በሁዳዴ ወተት ባትቀምስም ለሳቸው የሚሆን ወተት ከዘላኖቹ አስመጣች። ከአይከል በመጣ ወይራ የወተቱን ዕቃ አጠነችው፤ የመጠጥ ውሃቸውን እንስራም አጠነችው። በእሷ ቤት የተከበረ ሰው ወይራ ያልነካው ዕቃ ቀርቦለት አያውቅም።

ወይራው እየጨሰ ሳለ ዓይኗ ሲምሲም ላይ አረፈ። ቢጫው ውሃ አሳፈራት። ሐጂ ገብተው መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ነው። የቀረችውን ጨው አሟጣ በጠበጠች፤ መለኪያዋ ቀይ ምልክቷ ላይ ቆመች። ከዚያ ውሃው የሚጠራቀምበትን ባልዲ አነሣችና አመነታች። እንግዳው የሚጠጣበት ታጥኖ፣ የእንግዳው አደራ የሚኖርበት ሳይታጠን ሊቀር? ደግሞ ያን የታፈነ ሽታ ይሽርለታል። ቢበዛም ከሰሉ አለ፤ ሽታ የሚበላ ከሰል። እንዲህ ብላ ባልዲውን በወይራው ላይ ደፋችው። ውስጡ በጢስ ወዝ ቡናማ እስኪሆን፣ አፍንጫ የሚያስደስት መዓዛ እስኪይዝ ድረስ አቆየችው። የጨው ውሃውን ገለበጠችበት። ግማሹን አሮጌ ውሃ ቀድታ አዲሱን ሞላች።

ለአፍታ ውሃው ጠራ። አሰበች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሥራዋ ረካች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለች አላወቀችም።

ሲምሲም መጀመሪያ እንደ እብድ ሮጠ። መስታወቱን እየመታ ዞረ። ደስ ብሎት መሰላት። ኋላ ድንጋዩ ሥር ገብቶ ተሸሸገ፤ እሷም ልትረብሸው አልፈለገችም።

በማግስቱ ጧት መስታወቱን መታ አደረገች፤ የመጣ የለም። ጆንያውን ስትገልጥ ሲምሲም በጎኑ ተንሳፍፏል። ነጩ መቀነቱ አመድ መስሏል። ፓምፗ ውሃ ባወረደች ቁጥር ትንሽ ይወዛወዛል፤ ሕያው ነው ብላ ሁለቴ ተታለለች። በጭልፋ አወጣችው። መዳፏ ላይ አድርጋ፣ «ተነሥ፤ ዛሬ እኮ ነው የሚመጡት» አለችው። አላለቀሰችም። ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ጓሮ እቀብረዋለሁ፤ በጆንያ እሸፍነዋለሁ፤ ተኝቷል፣ አይረበሽ እላቸዋለሁ። አንድ ሌሊት ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ከበሉና ካደሩ ሌላውን ሼኩና ሽማግሎቹ ይችሉታል።

ባጃጅ ደጅ ላይ ቆመ። ከሰዓት ይመጣሉ የተባሉት ሐጂ ጧት መጡ። አልጋው ለሌላ በሽተኛ ተፈልጎ ኖሯል። በደረበ ክንድ ተደግፈው፣ ነጭ ጀለቢያቸው ዕንጨት ላይ እንደተሰቀለ ሆኖ ሲገቡ አሰበች ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ነበር።

ሐጂ ሰላምታም ሳይሉ ቆሙ። አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ። «ወይራ ይሸተኛል» አሉ። ከዚያ ጭልፋውን አዩ።

ደረበ ፈጥኖ ወንበር ሳበላቸው። ሐጂ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ፤ አሰበች ዓሣውን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ማጣሪያውን ከፍተው ከሰሉን ቆነጠሩ፣ በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«ያው የድሮው ነው?»

«አልነደደም እኮ፣ ሐጂ። ጥቁር ነው። በፀሐይ አድርቄ ነው...» ድምፅዋ ተሰበረ። «ባልዲውንም ያጠንኩት ለክብርዎ ብዬ ነው።»

ደረበ የሽማግሌውን አንጓ በጣቱ ይዟል፤ ዓይኑ ግን አሰበችን፣ በርቺ፣ ያዢው፣ እያለ ይለምናታል። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እንዲያውም የታመመው ፊታቸው ላይ እሷን የማጽናናት ሐሳብ መጣ፤ ይህ ነው አሰበችን የገደላት።

«ተይ፣ ያ በቲ፤ አታልቅሽ። ጢስ ለዓሣ መርዝ ነው፤ አንች ምን ታውቂያለሽ? እኔም ከሰል ሳልተውልሽ መሄዴ ጥፋት ነው። ፍጡር ነው፣ ይሞታል።» ዓሣውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ከውሰር ደግሞ ቂም አታውቅም። ስትመጣ እኔው እነግራታለሁ። አንችን አቅፋ ነው የምትስምሽ። ልጄን አታውቂያትም አንች።»

አሰበች ከንፈሯን ነከሰች። ያ ሁሉ ሰሞን የዋጠችውን ነገር ዛሬም ልትውጠው ታገለች፣ እንቢ አላት። «ወይኔ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት የሰማው ጩኸት ነው። ደረቷን ደቃች፣ መሬት ላይ ተንበረከከች፤ እጆቿ እሷን ሳይጠይቁ ነጠላዋን ከራሷ አወረዱና ጥለቱን አዘቅዝቀው አንገቷ ላይ ጠመጠሙት። ባየልኝ የሞተ ዕለት ጭቃ ውስጥ ሳለች ያደረገችው እንዲሁ ነበር። «ወይኔ እህቴ! ወይኔ ያላየሁሽ!»

ባየሽ ከጓዳዋ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ደረበ፣ «እትዬ አሰበች!» አለ።

ሐጂ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። አርባ ዓመት ሱዳን ቢኖሩም የጎንደር ልጅ ናቸው፤ ያን ምልክት ለማንበብ አስተርጓሚ አያሻቸውም። ባየሽን አዩ፤ ባየሽ ፊቷን አዞረች። ደረበን አዩ፤ ደረበ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ አሰበች መለሱ፤ ድምፃቸው የሕፃን ያህል ቀጠነ።

«አሰበች፣ ለዓሣ እንዲህ አይለቀስም።»

አሰበች ፊቷን መሬት ላይ ደፋች። ሐጂ እራት አልበሉ፤ በቤታቸው አላደሩ፤ ሼኩ የለ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሽማግሌ የለ። ከመኪና ጣሪያ ላይ ሆኖ የጮኸባት ያ ሰው እንኳ ቢያንስ በቃል ነበር የነገራት።

«ቀብረዋታል?» አሉ ሐጂ።

«ኒም ዛፍ ሥር» አለች አሰበች ፊቷን ከመሬት ሳታነሣ። «ፊቷ ደህና ነበረ አሉ።»

ፓምፗ ባዶውን ውሃ ወደ ላይ እየሳበች ታወርዳለች። ሽማግሌው ዓሣውን እንደያዙ በሌላው እጃቸው የፓምፗን ገመድ ፈልገው ነቀሉት።